ሳይዘንብ የሚሞላ ወንዝ

ራያ ቆቦ ውስጥ ባለችው ሮቢት ጎርፍ ይመጣ እንደሆነ ሰማይ አይቶ ማወቅ አይቻልም። ሰማዩ ጠርቶ፣ ከዋክብት ወጥተው፣ መሬቱ አቧራ እንደለበሰ የጎሊና ወንዝ ሊሞላ ይችላል። ዝናቡ የጣለው ከሰዓት በኋላ፣ በስተምዕራብ ደጋው ላይ ነው፤ ውሃው ገደሉን ወርዶ ሜዳ የሚደርሰው ግን ሲመሽ ነው። መጀመሪያ የሚሰማው ድምፁ ነው፤ ድንጋይ ድንጋይን እየገፋ የሚመጣ የሩቅ ጉርምርምታ። ያን ሲሰማ ከብቱን ከወንዙ ዳር የሚያሸሽ ሰው አለ። አካፋውን ነጥቆ ወደ ወንዙ የሚሮጥም አለ። አንዱ የሚሸሸውና ሌላው የሚሮጥለት ውሃ ያው አንድ ውሃ ነው። የራያ ቆቦን ቆላ ታሪክ ከእነዚህ ከሁለቱ ሰዎች አንዱን ብቻ ይዞ መናገር አይቻልም።

ሜዳውን የሠራው ውሃ

ከወልዲያ ተነስቶ አላውሃን ተሻግሮ፣ ጎብዬን አልፎ፣ በሮቢት በኩል ወደ ቆቦ የሚሄድ መንገደኛ በግራው የላስታን ደጋ ጠርዝ፣ በቀኙ የዞብልን ተራሮች እያየ ይጓዛል። በሁለቱ መካከል የተዘረጋው ሜዳ የስምጥ ሸለቆው ምድር ሲሰነጠቅ የሰመጠ ቁራሽ መሬት ነው። ከሰመጠ ወዲህ የምዕራቡ ተራራ እየተሸረሸረ ሲሞላው ኖሯል። ወንዞቹ ከገደሉ አፍ እንደወጡ ጉልበታቸው ይከዳቸዋል፤ ቋጥኙን እዚያው ተራራው ግርጌ ይጥሉታል፣ ጠጠሩን ትንሽ ወረድ ብለው፣ አሸዋውን ከዚያ ቀጥለው፣ ለም ደለሉን ደግሞ ራቅ አድርገው ያሳርፉታል። ዛሬ ማሽላና ጤፍ የሚዘራበት አፈር እንዲህ ተንጠርጥሮ የመጣ የተራራ ሥጋ ነው። አላውሃና ጎሊና የዞብልን ተራሮች ሰንጥቀው ወደ አፋር ይወርዳሉ፤ ከትናንሾቹ ጅረቶች ብዙዎቹ ግን ሜዳው ላይ ተበትነው አፈር ውስጥ ይሰምጣሉ።

ቆቦ ከባሕር ጠለል በላይ 1,470 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ውሃው የሚነሳባቸው የምዕራብ ከፍታዎች ከ3,000 ሜትር ይሻገራሉ። ይህን ያህል ከፍታ ውሃው የሚጨርሰው በአጭር ርቀት ነው፤ ስለዚህ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ደርቆ የዋለ አሸዋ ሰው የማይሻገረው ጎርፍ ይሆናል፣ በነጋታው ተመልሶ አሸዋ ይሆናል። በሜዳው ላይ በዓመት የሚጥለው ዝናብ 650 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ እሱም በበልግና በክረምት ተከፋፍሎ፣ አንዳንዴም ጨርሶ ሳይመጣ ይቀራል። ሚያዝያ ተዘርቶ እስከ ኅዳር ማሳ ላይ ለሚቆየው ለደገለትና ለጅጉርቲ ማሽላ ይህ አይበቃም። የጎደለውን የሚሞላው ከደጋ የሚወርደው ነው።

ገበሬው ይህን ውሃ የሚይዝበት ጥበብ መሌ ይባላል። ዋናው እናት መሌ ነው። የዝናቡ ወቅት ሳይገባ ጎረቤታሞች ተሰባስበው በደረቁ የወንዝ አልጋ ላይ አፈርና አሸዋ ይከምራሉ፣ የግራር እሾህና ቅርንጫፍ ያጠላልፉበታል። ክትሩ ወንዙን በቀጥታ አይዘጋም። ከዳር ተነስቶ በሰያፍ፣ እንደ ማጭድ ጎበጥ ብሎ ወደ ወንዙ መሀል ይገባል፤ ጎርፉ ሲመጣ ዳሩን ልጦ ወደ ማሳ ይመራዋል። ከእናት መሌ ትናንሽ ቦዮች ይወጣሉ፣ ከእነሱም ሌሎች፤ በመጨረሻ ያ ድንጋይ ሲያንከባልል የነበረ ውሃ በማሳ ድንበር ታጥሮ እንደ ኩሬ ዝም ብሎ ይተኛል። ሁለት ሦስት ጊዜ በደንብ የጠጣ ማሳ ከዚያ በኋላ ዝናብ ቢቀርበት እንኳ ማሽላውን ይዞ ይዘልቃል።

ጎርፉ ከልክ ሲያልፍ መሌው ይፈርሳል። የአፈር ክምር ነውና መፍረሱ አይደንቅም፤ ግን ፈረሰ ማለት ትልቁ ውሃ ወደ እርሻና ወደ ቤት ሳይታጠፍ በገዛ አልጋው አለፈ ማለት ነው። በማግስቱ ባለማሳዎቹ ተመልሰው ያቆሙታል። ለዚህ ሥርዓት አለው። ተራ የሚያስጠብቅ፣ ጠብ የሚዳኝ የውሃ አባት ይመረጣል፤ ለጥገና ያልወጣ ሰው ደግሞ ውሃ አይደርሰውም። ሌሊት ጎርፍ ሲመጣ አካፋ ይዞ መሮጥ ግዴታ የሚሆነው ለዚህ ነው። በየመን ሸለቆዎች፣ በኤርትራ ሸዔብ፣ በፓኪስታን ደረቅ ሜዳዎችም ተመሳሳይ ጥበብ አለ፤ ተራራ በበረሃ ላይ በቆመበት ሁሉ ሰው ጎርፍን ለማረስ ተምሯል።

ይሁን እንጂ ከጥንት ጀምሮ በዚህ ሥርዓት ውስጥ ስሙ የማይነሳ ሰው ነበር። ለሜዳው ገበሬ ሲሳይ ሆኖ የሚደርሰው ደለል ከላይ ለደጋው ገበሬ የተነጠቀ ማሳ ነው። የአንዱ ማሳ ማዳበሪያ የሌላው ማሳ ነበር።

ፎቶግራፎቹ ያሳዩት

በራያም ሆነ በላስታ ሽማግሌ ከጠየቁ ተራራው ድሮ ጥድና ወይራ እንደነበረ ይነግርዎታል። እውነትነት አለው፤ የገጠር አብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ የቀሩት ጥዶች ለዚያ ምስክር ናቸው። ነገር ግን «ድሮ» መቼ እንደነበረ ሲጠየቅ ነገሩ ይወሳሰባል።

እ.ኤ.አ. በ1868 በጄኔራል ናፒየር የተመራው የእንግሊዝ ጦር አፄ ቴዎድሮስን ለመውጋት ወደ መቅደላ ሲሄድ ከራያ ሜዳ በላይ ባለው ደጋ፣ በሐሸንጌ ሐይቅ በኩል አለፈ። ከጦሩ ጋር ፎቶግራፍ አንሺዎች ነበሩ። ከ140 ዓመታት በኋላ በቤልጅየም የጌንት ዩኒቨርሲቲው ያን ኒሰንና ባልደረቦቹ እነዚያ ምስሎች የተነሱባቸውን ቦታዎች እያፈላለጉ፣ በዚያው አቅጣጫ ቆመው እንደገና አነሷቸው። አሮጌዎቹ ምስሎች ላይ የታየው ጫካ አልነበረም፤ ብዙው ተዳፋት ያኔም የተራቆተ ነበር። አዲሶቹ ላይ ግን ዛፍ በዝቶ ታየ። የወሎን ታሪክ ለረጅም ዘመን ያጠናው ዶናልድ ክረሚም ጣልያኖች እ.ኤ.አ. በ1937 ያነሷቸውን የወሎ ፎቶግራፎች ይዞ ከስድሳ ዓመት በኋላ ሲመለስ፣ በብዙ ቦታ ዛፉ ጨምሮ እንጂ ቀንሶ አላገኘውም፤ የጨመረው አብዛኛው ባሕር ዛፍ ቢሆንም።

ይህ ማለት ተራራው ደህና ነበር ማለት አይደለም። ጉዳቱ የአንድ ትውልድ ጥፋት አለመሆኑን ያሳያል። የበሬ እርሻ በዚህ ምድር በሺህ የሚቆጠር ዓመት ዕድሜ አለው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በነበረው ክፉ ቀን ከብቱ በደስታ በሽታ አለቀ፣ ሰውም በረሃብ ረገፈ፤ ተራራው ለጥቂት ዓመታት ዕረፍት አገኘ። ሕዝቡ ሲያገግም ማረሻው ወደ ተዳፋቱ ተመለሰ፣ በየትውልዱም ትንሽ ከፍ እያለ ወጣ። ተዳፋት ሲታረስ አፈሩ በክረምቱ የመጀመሪያ ሳምንታት፣ ቡቃያው ሳይሸፍነው በፊት፣ ራቁቱን ዝናብ ይቀበላል። ጠብታው አፈሩን ይመታዋል፣ ውሃው መስረግ ሲገባው ይንሸራተታል፣ መንሸራተቱ ቦይ ይሆናል፣ ቦዩ ቦረቦር ይሆናል። በዚህ መንገድ ቀድሞ በቀናት ውስጥ ቀስ ብሎ ይወርድ የነበረው ውሃ በሰዓታት ውስጥ ተጠራቅሞ ሜዳው ላይ ይደርሳል። የዝናቡ መጠን ባይጨምር እንኳ ጎርፉ ይጨምራል።

መንገዱ ሲመጣ

ከ1928 ዓ.ም. በኋላ ጣልያኖች ከአስመራ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደውን ዋና መንገድ ሠሩ። መንገዱ ከማይጨው ወደ አላማጣ ወርዶ፣ ሜዳውን ከሰሜን ወደ ደቡብ እየሰነጠቀ በቆቦና በሮቢት በኩል ወደ ወልዲያ ወጣ። ወንዞቹ ደግሞ የሚሄዱት ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ መንገዱና ውሃው በየክረምቱ መስቀለኛ ላይ ይገናኛሉ።

ከመንገዱ በፊት ጎርፍ ሜዳው ላይ እንደ እጅ ጣት ተከፋፍሎ ይበተን ነበር፤ አንድ ዓመት በዚህ፣ በሌላው ዓመት በዚያ። ከፍ ብሎ የተሠራ መንገድ ግን ውሃውን ሰብስቦ በድልድዮቹና በቱቦዎቹ አፍ ብቻ እንዲያልፍ ያስገድደዋል። የተሰበሰበ ውሃ ጉልበቱ ይጨምራል፣ ከድልድዩ በታች ያለውን መሬት ይቦረቡራል። ድንጋይና አሸዋ ይዞ የሚመጣ ወንዝ ደግሞ አልጋውን ከዓመት ዓመት ከፍ ያደርጋል፤ ቱቦው በደለል ሲታፈን ውሃው ሌላ መውጫ ይፈልጋል። መንገዱ ዳር የገበያ ከተሞች ሰፉ። ቤት የሚሠራ ሰው ከመንገዱ አይርቅም፣ ለመንገዱ የቀረበ ደግሞ ለውሃው መውጫ ይቀርባል። ከደርግ ዘመን ማብቂያ ወዲህ ከተሞቹ በፍጥነት ሲያድጉ ድሮ የከብት ማሰማሪያ የነበረው የወንዝ ዳር መኖሪያ ሰፈር ሆነ።

ሁለቱ ረሃቦች

በ1965 እና 1966 ዓ.ም. ወሎ ተራበ። ሰው ከየገጠሩ ወጥቶ በዚያው በዋናው መንገድ ዳር ባሉ ከተሞች ተኮለኮለ፤ የራያና ቆቦ አውራጃ ክፉኛ ከተጎዱት አንዱ ነበር። ረሃቡ ንጉሡን ከሥልጣን ካወረዱት ምክንያቶች አንዱ ሆነ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ታወጀ። ጭሰኛው ነፃ ወጣ፤ ሆኖም መሬቱ በየጊዜው የሚከፋፈል ሆነና በማሳው ላይ የድንጋይ እርከን ለመካብ ዓመታት የሚደክም ሰው ማሳው ነገም የእሱ ስለመሆኑ እርግጠኛ አልነበረም።

አሥር ዓመት ሳይሞላ ሁለተኛው መጣ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን የታየው፣ ማይክል በርክ የዘገበውና መሐመድ አሚን የቀረጸው የኮረም ፊልም ዓለምን አስደነገጠ። ኮረም የሚገኘው ከአላማጣ በላይ፣ ከራያ ሜዳ አናት ላይ ነው። የድርቅ ሌላ ፊቱ ብዙ ጊዜ አይነገርም። ድርቅ ሳሩን ያጠፋል፣ ከብት የቀረውን ቅጠል ይግጣል፣ ሰው ማገዶ ሸጦ ለመብላት ቁጥቋጦውን ይቆርጣል። ዝናቡ ሲመለስ የሚያገኘው ራቁቱን የቆመ ተራራ ነው። ስለዚህ ሜዳው ላይ ከድርቅ በኋላ ያለው ክረምት አስፈሪ ነው። በራያ ሸለቆ የወንዝ አልጋዎችን ያጠኑ ተመራማሪዎች ወንዞቹ እጅግ ሰፍተው፣ አሸዋቸው ወደ እርሻ ገብቶ ያገኙት ከእነዚያ ዓመታት በኋላ ነው።

መንግሥት የተፈጥሮ ሀብትን ነገር በቁም ነገር የያዘው በዚሁ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ከደሴ ወጣ ብላ በምትገኘው ማይባር የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተከፈተ፤ ከተዳፋት ማሳ የሚታጠበው አፈር ተመዘነ። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ጥናት ከኢትዮጵያ ደጋዎች በዓመት 1.9 ቢሊዮን ቶን አፈር ይታጠባል ብሎ ገመተ። በምግብ ለሥራ ስንዴና ዘይት እየተከፈለ በወሎ ተራሮች ላይ እርከን ተካበ፣ ችግኝ ተተከለ፣ ተራራ ተከለለ። በዚያው ጊዜ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ወሎዬ ወደ ደቡብ ምዕራብና ምዕራብ ኢትዮጵያ እንዲሰፍር ተደረገ።

እርከኑ ሲካብ ባለማሳው አልተጠየቀም። የተከለለው ተራራ የመንደሩ ግጦሽ ነበር፤ የተተከለው ዛፍ የማን እንደሆነ ግልጽ አልነበረም። እንዲያውም «የመንግሥት ዛፍ» ይባል ነበር። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ በወሎ ብዙ ቦታ የመንግሥት የተባለው ዛፍ በጥቂት ወራት ውስጥ ተቆረጠ፣ ክልሉ ተጣሰ፣ እርከኑም በየቦታው ፈረሰ። ዓመታት የፈጀ ሥራ መንግሥት ከሄደ አብሮ የሚሄድ መሆኑ ታየ።

ሲሚንቶና ጉድጓድ

ከዚያ በኋላ የተያዘው ሐሳብ ውሃውን በምሕንድስና መግራት ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የአማራ ክልል የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራምን አቋቋመ። በዋጃ ጎለሻና በሆርማት ጎሊና አካባቢዎች ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፈሩ፤ በኤሌክትሪክ ፓምፕ የሚወጣው ውሃ በጠብታ መስኖ ወደ ሽንኩርትና ቲማቲም ማሳ ሄደ። ሰማይ ሰማይ ሲያይ ለሚኖር ገበሬ በበጋ አረንጓዴ ማሳ ማየት ታላቅ ነገር ነበር። ከጠጠሩ በታች የተገኘው ውሃም ቢሆን ከሌላ አልመጣም። ወንዞቹ ከገደሉ አፍ ሲወጡ በጠጠሩ ውስጥ የሰረገ፣ ለዘመናት የተጠራቀመ ጎርፍ ነው። ከላይ ውሃው እየሮጠ ካለፈ ከታች የሚሰርገው ያንሳል።

በሰሜኑ የሜዳው ክፍል፣ በአላማጣ በኩል፣ ጎርፉን ራሱን በኮንክሪት ለመጥለፍ ተሞከረ። መሐንዲሶቹ የአፈሩን መሌ ድካም አይተው በወንዙ ላይ የሲሚንቶ ግድብና የብረት በር አቆሙ። ገበሬው በየዓመቱ የፈረሰውን መልሶ ከመሥራት ይገላገላል የሚል በጎ ሐሳብ ነበር። ጎርፉ ግን ውሃ ብቻ አይደለም፤ ቋጥኝና ጠጠር፣ የተነቀለ ዛፍ ይዞ ነው የሚመጣው። በሩ ጠባብ ነበርና በደለል ታፈነ፣ ቦዩ በአሸዋ ሞላ። ከተሠሩት ብዙዎቹ ጥቂት ክረምት እንኳ በአግባቡ ሳያገለግሉ ቀሩ፤ አንዳንዱ ገበሬም ወደ አፈሩና ወደ እሾሁ ተመለሰ። የአፈሩ መሌ በጊዜው መፍረስን ያውቅ ነበር፤ ሲሚንቶው አላወቀም።

በዚያው ዘመን ሌላ ከተማ ላይ የደረሰው ነገር በደጋ ጥግ ለሚኖር ሁሉ ማስጠንቀቂያ ሆነ። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ከመንጋቱ በፊት የደቻቱ ወንዝ በድሬዳዋ ላይ ገነፈለ። ዝናቡ በብዛት የወረደው በላይኛው ደጋ ላይ ሲሆን ከ200 በላይ ሰዎች በተኙበት አለቁ። የድሬዳዋና የቆቦ አቀማመጥ ወንድማማች ነው፤ የተራቆተ ደጋ፣ አጭር ገደል፣ በጋውን ሙሉ ደረቅ የሆነ አሸዋማ ወንዝ፣ በወንዙ ዳር የሰፈረ ከተማ።

ተራራው ሲያገግም

ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሴፍቲኔት የተባለው የምግብ ዋስትና ፕሮግራም እየከፈለ የሚያሠራውን ጉልበት በየተፋሰሱ አሰማራ። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በየዓመቱ ጥርና የካቲት ሲደርስ የገጠሩ ሰው በነፃ ጉልበቱ ለሳምንታት ወደ ተራራ ይወጣል። ወንድና ሴት ተሰልፈው ድንጋይ ያቀብላሉ፣ በዳገቱ ላይ እርከን ይስባሉ፣ በቦረቦሩ ውስጥ ክትር ያቆማሉ። የተከለለው ተራራ ሳር ለመንደሩ ሰው ይታጨዳል፤ የድሮው ክልል የጎደለው ይህ ነበር።

የመቀሌና የጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በራያ ገደል ላይ ያሉ ትናንሽ ተፋሰሶችን ለዓመታት ለክተዋል። ቁጥቋጦ የሸፈነው ተፋሰስ ጎርፉም ደለሉም ይቀንሳል፤ ከ1970ዎቹ ድርቅ በኋላ ሰፍተው የነበሩ የወንዝ አልጋዎችም ተራራው ሲሸፈን እየጠበቡ፣ የተወው አሸዋ ሣር እያበቀለ መጥቷል። ይኼኔ አሮጌው ጥያቄ በሌላ መልክ ተመለሰ። ተራራው ከዳነ ወደ ሜዳው የሚወርደው ደለል ያንሳል፤ ቤት የሚያፈርሰው ጎርፍ ሲያንስ ማሳ የሚያጠጣውም ይለዝባል። በሌላ በኩል የለዘበ ውሃ ረዘም ላለ ጊዜ ይፈሳል፣ ለመጥለፍ ይመቻል፣ ከጠጠሩ በታች ይሰርጋል። ሜዳው የሚያጣው ድንገተኛውን ሀብት ነው፤ የሚያገኘው የሚተማመንበትን።

ማገገሙ ግን ገና ለጋ ነው። በ2008 ዓ.ም. የኤል ኒኞ ድርቅ ራያ ቆቦን ዳግም በእርዳታ እህል ላይ ጣለው። ሐምሌ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ወረዳው ደረሰ፣ ነሐሴ 2014 ዓ.ም. ተመለሰ። ሰው ቤቱን ጥሎ ሲሸሽ እርከን የሚጠግን የለም፤ መብራት ሲጠፋ ማገዶ የሚገኘው ከተራራው ነው፤ የመስኖ ጉድጓዶቹም ከጉዳቱ አላመለጡም። ተራራ የሰላም ዓመታትን ይቆጥራል። አንድ ወይራ ጥላ ለመጣል የሚፈጅበትን ጊዜ በዚህ አገር ያለ ጦርነት ያሳለፈ ትውልድ ጥቂት ነው።

ሮቢት ላይ የመሌው ሕግ አሁንም አለ፤ ለጥገና ያልወጣ ውሃ አያገኝም። ሕጉ ግን ወንዙ ከገደሉ በሚወጣበት ቦታ ያበቃል። ከዚያ በላይ፣ በጥር ብርድ ድንጋይ ሲክብ የሚውለው የደጋ ገበሬ በነሐሴ ሌሊት ጎሊና ምን ያህል እንደሚሞላ የሚወስን ሰው ነው፤ ከሜዳው ማሽላ ግን አንድ ቁና አይደርሰውም። እርሻው የጠበበውና ለእርከኑ የተወው መሬት የእሱ ነው፤ የሚድነው የሮቢት ቤት ነው። ሜዳው ሠርቶ ላልጠጣው ለዚያ ሰው በሕጉ ውስጥ ስፍራ እስካላገኘለት ድረስ መሌው ግማሽ ሥራ ነው፤ ሌላው ግማሽ ተራራው ላይ ነው።